ሐይቁ እንዳይድን

በ2071 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ የውሃው ቦቴ እንደወትሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሸምበቆ በር መንደር ደረሰ። ሹፌር የለውም። ዋርካው ሥር ይቆምና በሴት ድምፅ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ሰልፈኛውም በአንድ አፍ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልስለታል። መጀመሪያ ሰሞን ለቀልድ ነበር የጀመሩት። አሁን ዝም ያለ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

ከዚያ መዳፍን ቦቴው ጎን ላይ ማሳረፍ ነው። ቦቴው ቤተሰቡን ያውቀዋል፤ በነፍስ ወከፍ ስምንት ሊትር፣ ለነፍሰ ጡር አሥራ ሁለት ሊትር ይቀዳል። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ወሬው ይደምቃል።

«ጉበትህ ስንት ገባ?»

«አርባ አንድ፣ ተመስገን።»

«ታድለህ። እኔን ስድሳ ሰባት ብሎኛል።»

«ስድሳ ሰባት ጉበት ይዘህ ነው እንዲህ የምትጋፋው? ተው እንጂ፣ ወደ ኋላ!»

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያው የሐይቁ መርዝ የጎዳው እንዳለ ለማየት የሁሉንም ጉበት ይለካል። ቁጥሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ከስም ጋር አብሮ ይዞራል። ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሲላክ ከዘር በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው።

ውሃው ቤት ሲገባም ወዲያው አይጠጣም። በየቤቱ ከበር ጀርባ የተሰቀለ የወረቀት ጥቅል አለ። ከጥቅሉ ጣት የምታህል ቁራጭ ይቀደድና ብርጭቆው ውስጥ ይነከራል፤ ቤተሰቡ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ ይደግማል። ጸሎቱ ሲያልቅ ወረቀቷ ቢጫ ከሆነች ይጠጣል። ነጭ ከቀረች ይደፋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ነጭ የቀረችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጸሎቱን የዘለለ ግን የለም።

አንማው ለዚያችው ወረቀት ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ፣ ሲጠሩት ሁለተኛው ጥሪ ላይ የሚሰማ ሰው። ሥራው አንባቢነት ነው። በየማለዳው ትንሿን ጀልባ እየቀዘፈ በመንደሩ ወሽመጥ ውስጥ የተተከሉትን አሥራ አራት ችካሎች ይዞራል፤ በየችካሉ ሥር ወረቀት ይነክራል፤ ያየውን ክንዱ ላይ በታሰረችው ሰሌዳ ይሞላል። እዚያ ነጭ ማለት ደግ ነው። ነጭ ማለት ሐይቁ ላይ እንደ ገንፎ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር በርትቷል፣ አረንጓዴውን እየገፉ ዳር የሚያወጡት ገፋፊዎች የሚሞሉት በርሜል አያንስም፣ ቦቴው ነገም ይመጣል ማለት ነው። ቢጫ ማለት መርዶ ነው። ሚስቱ ይታይሽ ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ «ዓይንህን ቀይረህ ግባ» ትለዋለች።

አረንጓዴውን ነገር ሰዉ ቅባት ይለዋል። መጀመሪያ ሥልጠና ሲሰጥ ከከተማ የመጣች ልጅ እግር አስተማሪ እንዲህ ብላ አስረድታቸው ነበር፦ «በሰው ገላ ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ። ተመራማሪ አንዱ ሠራተኛ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ሲፈልግ እጁን ያስረዋል፤ ከዚያ ምን እንደጎደለ ያያል። ከዚህ ቅባት የሚወጣው መርዝ ገመዱ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ላቦራቶሪዎች ከዚህ የተሻለ ገመድ አላገኙም።» ወረቀቷ ላይም ከእነዚያ ሠራተኞች አንዱ ተቀምጧል። እጁ ካልታሰረ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል፤ ከታሰረ ወረቀቱ ነጭ ይቀራል።

ያኔ የድሮው ዓሣ አጥማጅ አያ ጌጡ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ እኛን አስሮ ምን እንደምንሠራ ማየት የፈለገውስ ማነው?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አስተማሪዋም አብራ ስቃ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈች።

ሐይቁ የታመመው በአንድ ቀን አይደለም። ከላይ ከእርሻው የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማው የወረደ ፍሳሽ፣ በየዓመቱ የሚጨምር ሙቀት፤ ሁሉም ያውቀው ነበር፣ ሁሉም ሌላ ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስለው ነበር። በ2059 ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆነ። ከብት ጠጥቶ ባለበት ወደቀ። የአንማውና የይታይሽ የመጀመሪያ ልጅ ትርንጎ በአሥራ አንድ ወሯ የተቀበረችው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ወረቀቱ ገና አልመጣም ነበር።

በዓመቱ የቅባቱ ገዢ መጣ። መጣ ይባላል እንጂ ያየው ሰው የለም። በርሜል ይወስዳል፣ ንጹህ ውሃ ይልካል። ውሉ አጭር ነው፦ ወሽመጡ እስከበረታ ድረስ ቦቴው ይመጣል። ከአሥራ አራቱ ችካሎች ሦስቱ ቢጫ ካሉ ወሽመጡን ማብላት ግዴታ ነው፤ ማዳበሪያ በጆንያ በጆንያ ይፈስበታል። በልቶም በአንድ ወቅት ውስጥ ካልበረታ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ቦቴው ወደ ሌላ መንደር ይዞራል። ከጉብታው ማዶ የነበረው ወረብ ማዶ የሚባል መንደር የተፈታው እንደዚያ ነው። ዛሬ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር የባዶ ቤቶቹ ቆርቆሮ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ሸምበቆ በሮች ሲሰሙት ጨዋታ ይቀይራሉ።

ዘጠኝ ቁጥር ችካል ያለው ጅረቱ ከሐይቁ በሚገናኝበት ጥግ ነው። ደንቡ እዚያ የሚበቅለውን ደንገል አንባቢው በየወሩ ይጨድ ይላል፤ ደንገል የቅባቱን ምግብ ይሻማልና። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንማው ማጭዱን ይዞ ሲሄድ አንዲት የውሃ ወፍ እንቁላሏን ታቅፋ አገኘ። «ትፈልፍልና» ብሎ ተመለሰ። ፈለፈለች። ከዚያ ዝናብ ሆነ፤ ከዚያ ረሳው፤ ከዚያ ደግሞ መርሳቱን ወደደው። ደንገሉ ከሰው ቁመት አለፈ።

ኅዳር ስምንት ቀን ማለዳ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ወረቀት ነከረ። ጸሎቱን በልቡ ደገመ። ወረቀቷ ነጭ አልቀረችም። ሌላ ቀደደ፣ ነከረ፣ አሁን ጮክ ብሎ ደገመ። ወረቀቷ ጭድ መሰለች። እቤት እንደሚያውቀው የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ አይደለም፤ ግን ነጭ ነው ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም።

ጎንበስ አለ። ውሃው ውስጥ፣ በጀልባዋ ጥላ ተጠልለው፣ የዓሣ ጫጩቶች ተደርድረዋል። ከመርፌ አይበልጡም።

ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ በሸምበቆ በር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ያላደረገውን አደረገ። ጓንቱን አውልቆ ባዶ እጁን ሐይቁ ውስጥ ነከረ። ቀዝቃዛ ነበር። ጫጩቶቹ ሸሹ፣ ቆየት ብለው ተመለሱ፤ አንዱ የጣቱን ጫፍ ነካ፣ ነካ አደረገ።

ሰሌዳዋ ላይ «ነጭ» ብሎ ሞላ።

ቤት ሲገባ ይታይሽ ምስር ትለቅማለች። ካረገዘች አምስት ወሯ ነው።

«ዛሬ እጄን ነከርኩት» አላት።

«ምን ውስጥ?»

«ሐይቁ ውስጥ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። እጁን ይዛ ገልብጣ አየችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ከመጠጥ ውሃው ቀድታ አስታጠበችው። ግማሽ ሊትር ሄደ።

«አብደሃል?»

«ዘጠኝ ቁጥር ቢጫ ሆኗል፣ ይታይሽ። ዓሣ አለ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ስንት ችካል?»

«አንድ።»

«አንድ ከሆነ ግድ የለም» አለችና ምስሯን ሳበች። ትንሽ ቆይታ ግን መልቀም አቆመች። «ለምንድነው እንደዚህ ፊትህ የበራው?»

«እንዲያው… ትልቅ ስትሆን እግሯን የምትነክርበት ውሃ ቢኖር ብዬ።»

«ሴት መሆኗን ማን ነገረህ?»

«እንዲያው አልኩ።»

«እኔ እግሯን አይደለም የማስበው፣ አንማው። ጉሮሮዋን ነው።» ድምፅዋ አልተነሳም። «ለማንም አትንገር። ለኔም ደግመህ አትንገረኝ።»

አልነገራትም። በኅዳር መጨረሻ አሥር ቁጥር ቢጫ ሆነ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አሥራ አንድና ስምንት ተከተሉ። የልደት ማግስት ሰባት ቁጥር። አንማው ሁሉንም ነጭ ብሎ ሞላ። የቀሩት ዘጠኝ ችካሎች አካባቢ ቅባቱ ወፍሮ ስለነበር በርሜሎቹ ውስጥ ጉድለቱ አልታወቀም። ዙሩን ሲጨርስ ተመልሶ ደንገሉ ጥላ ሥር ይገባና፣ ጓንቱን እዚያው አለቅልቆ፣ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል። ጫጩቶቹ አሁን ትንሽ ጣት አክለዋል። ገና ላልተወለደችው ልጅ ምን ብሎ እንደሚያሳያት ያስባል። «ይኸውልሽ፣ ይሄ ዓሣ ይባላል።» ከዚያ በላይ የሚላት ቃል አይመጣለትም፤ የመጀመሪያው ብቻ ይበቃዋል።

ጥምቀት እንደ ልማዱ ተከበረ። ታቦቱ ሐይቁ ዳር አይወርድም፤ ጉብታው ላይ ያድራል። ከየቤቱ አንድ አንድ ብርጭቆ የቦቴ ውሃ ተዋጥቶ በትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ተባረከ፤ ለያንዳንዱ ሰው ግንባሩ ላይ ጠብታ ደረሰው። አንማው ከጉብታው ሆኖ ወሽመጡን ሲያይ ከደንገሉ ፊት ለፊት ቁራጭ ጨርቅ የምታህል ሰማያዊ ነገር ታየችው። ሌላ ሰው ያያት እንደሆነ ፈርቶ ፊቱን አዞረ።

ያላሰበው ጓንቱን ነው።

ገፋፊዎቹም አንባቢውም ሥራ ሲጨርሱ ጓንታቸውን ባለቁጥር ምስማር ላይ ሰቅለው ይሄዳሉ። ሦስት ሴቶች ሐይቁ ዳር ባለው ዳስ ውስጥ ያጥቡታል። የሁሉም ጓንት እስከ ክርን አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሴቶቹ ከቆሻሻው ብቻ ማን ጎበዝ እንደሆነ፣ ማን አመም እንዳደረገው፣ ማን ከማን ጋር ሲያወራ እንደዋለ ያውቃሉ። ሃያ ሁለት ቁጥር ጓንት ከጥር ወዲህ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ እየቆሸሸ መጣ። ሴቶቹ መጀመሪያ ተገላገልን አሉ። ቀጥሎ ተጠቃቀሱ። ከዚያ ነገሩ የዳሱ ኃላፊና የዳርቻው ማኅበር ሊቀመንበር ለሆኑት ለእትዬ ደብሪቱ ደረሰ።

እትዬ ደብሪቱ ሰው ለብቻው ጠርተው የሚመክሩ ዓይነት አይደሉም። ጥር አሥራ አራት ቀን፣ ገፋፊዎቹ ሁሉ ዳሱ ውስጥ ቦት ጫማቸውን በሚያወልቁበት ሰዓት፣ ጓንቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወጡ።

«አንማው፣ ና እስቲ። ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ እዩልኝ። ሙሽራ የምታጠልቀው አይመስልም?»

ዳሱ ሳቀ።

«ለእነዚህ ሴቶች ሥራ አቅልለህላቸዋል፤ ጽድቅ ነው፣ አልጠላሁም። ግን የት ነው የምትውለው? ደንገሉ ውስጥ ጋደም ትላለህ አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ጓንትህ ነዋ!»

ሳቁ በረታ። አንዱ ገፋፊ «እንቅልፍም እኮ ሥራ ነው፣ እትዬ፤ ያላንኮራፋ ምን ያውቃል!» ብሎ ጨመረበት። አንማው አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሦስት ቀን በርሜል ያስገፉታል፣ አንድ ወር ይስቁበታል፣ ያበቃል። እሱ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ልጁን በቀበረ በዓመቱ ነው ሥራውን የጀመረው፣ ወባ ይዞት እንኳ እየተንቀጠቀጠ ቀዝፏል። ሸምበቆ በር ውስጥ ሰነፍ ከመባል የሚብስ ስድብ የለም፤ የአንዱ ስንፍና የሁሉም ጥም ነውና። ደሙ ፈላ።

«አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም! አሥራ አራቱንም ችካል በየቀኑ ነክሬያለሁ!»

«ታዲያ እጅህ እንዴት አልቆሸሸም?»

«ውሃው ንጹህ ስለሆነ ነዋ!»

ሳቁ ቆመ። አንዱ ሰው ያወለቀውን ቦት ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ። አንማው የተናገረውን ራሱም ከሌላ ሰው አፍ የሰማው መሰለው።

እትዬ ደብሪቱ ጓንቱን ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት። ወረቀት ከጥቅሉ ቀደዱ፣ የአንባቢውን ጀልባ አስፈቱ፣ ብቻቸውን ቀዘፉ። ሲመለሱ አምስት ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩ። አልተቆጡም። «አምስት» ብቻ ነው ያሉት።

በማግስቱ ጠዋት ቦቴው ቀድቶ ከጨረሰ በኋላ ሰዉ አልተበተነም። የመንደሩ ስብሰባ ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም በጀሪካን ነው። አንድ ቤት አንድ ጀሪካን። ወሽመጡ ይብላ የሚል ከዋርካው በስተቀኝ ያስቀምጣል፣ ይተው የሚል በስተግራ። ከዚያ ጀሪካን ይቆጠራል እንጂ አፍ አይቆጠርም።

አንማውን ተናገር አሉት። በሕይወቱ ከሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም።

«እየዳነ ነው» አለ። «እኛ ምንም አላደረግንም። ደንገሉን ስላላጨድኩት ብቻ ነው። አምስት ችካል በአንድ በጋ! ብንተወው…» እጁን ወደ ሐይቁ ዘረጋ፤ የተዘረጋው እጁ የሚቀጥለውን ይናገርለት ይመስል።

«ስንት ዓመት?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«እ?»

«የሚጠጣ እስኪሆን። ቁጥር አንባቢ አይደለህ? ስንት ዓመት?»

ይህን ደንገሉ ሥር ተቀምጦ ደጋግሞ አስልቶታል። «ሰባት» አለ። «ቢፈጥን ስድስት።»

«ቦቴውስ ስንት ጊዜ ይጠብቀናል?»

አንማው የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

«አንድ ወቅት ነው የሚጠብቀን። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ምን እንጠጣ? ወረቀትህን?»

ከኋላ አንድ ወጣት «ቢጫ ከሆነ እኮ እትዬ፣ ከዚያው መቅዳት…» ብሎ ጀመረ።

«ቤትህ የምትነክረው ቢጫና የእሱ ቢጫ አንድ ነው እንዴ? ያንተ አስኳል ነው። የእሱ ጭድ ነው። ጭድ የጠጣ ሰው ጉበቱ ስንት እንደሚገባ ወረብ ማዶዎችን ጠይቃቸው፤ ካገኘሃቸው።»

ከማዶ ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ተንኳኳ።

ያኔ አያ ጌጡ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። በዚህ ሐይቅ መረብ ጥለው ከኖሩት መንደሩ ውስጥ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጫጩት አየሁ ብለሃል አሉ» አሉት።

«አዎ፣ አያ።»

«ጎኑ ላይ ጥላ የመሰለ መስመር አለው? ከላይ ወደ ታች?»

«አለው።»

«ሲፈራ ወደ ጎን ነው የሚሸሽ ወይስ ወደ ታች?»

«ወደ ጎን። ከዚያ ተመልሶ ይመጣል።»

«ቆሮሶ ነው» አሉ ሽማግሌው። ለረጅም ጊዜ ያላገኙት ዘመድ ስም የጠሩ ይመስል ቃሏን አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩአት። «ቆሮሶ ነው፣ ልጄ። አልዋሸህም።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ጀሪካናቸውን አነሡና በስተቀኝ አስቀመጡ።

«አያ!» አለ አንማው።

«ዘጠኝ የልጅ ልጆች አሉኝ። ዓሣው ይቅር ይበለኝ።»

ከእሳቸው በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ጀሪካን በጀሪካን ላይ እየተገፋ ቀኝ በኩል ቢጫ በቢጫ ሆነ። ሰዎቹ ሲያስቀምጡ አንማውን አያዩም። አንዳንዶቹ እያለፉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

የእሱ ቤት ጀሪካን ይታይሽ እጅ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረችው እሷ ናት። ሃያ ሊትሩ ወደ አንድ ጎን አጋድሏታል፣ ሆዷ ወደ ፊት ገፍቷል፤ በቀኝና በግራ መካከል ቆመች።

«አንማው» አለችው። ሰዉ ሁሉ እየሰማ ነው፤ ግድ አልሰጣትም። «መጋቢት ላይ ነው የምወልደው። መጋቢት ላይ ምን ላጠጣት? ንገረኝ፤ ካለህ ንገረኝና በግራ ላስቀምጠው። እምልልሃለሁ አስቀምጠዋለሁ።»

አፉን ከፈተ። የመጣለት ሰማያዊዋ ውሃ ናት፣ ጣቱን ነካ ያደረገው አፍ ነው፣ እግሯን የምትነክረው ልጅ ናት። ከነዚህ አንዱም ግን የሚጠጣ አልነበረም።

ይታይሽ ጠበቀችው። የምትችለውን ያህል ጠበቀችው። ከዚያ ጀሪካኑን፣ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ እንደሚያስተኙ ቀስ ብላ፣ በስተቀኝ አስቀመጠች።

ሁለት መቶ ሦስት ጀሪካን ተቆጠረ። በስተግራ ያለውን መሬት የሚቆጥር አላስፈለገም።

ጥር አሥራ ሰባት ቀን ደንገሉ በደቦ ታጨደ። ጎረምሶቹ ዘፈን አወጡ፤ ሴቶቹ ቆሎ ይዘው መጡ፤ እንደ ድግስ ያለ ነገር ሆነ። ማጭዱ ሲገባ የውሃዋ ወፍ ብድግ ብላ ሁለት ጊዜ ዞረችና በወረብ ማዶ አቅጣጫ ሄደች። ጠዋት የቆመው ደንገል እኩለ ቀን ሳይደርስ ዳር ላይ ተከምሮ ተገኘ።

ማዳበሪያው አርባ ጆንያ ነበር። ልማዱ ቢጫ የታየበት አንባቢ የመጀመሪያውን ጆንያ እንዲያፈስ ነው፤ የቀረውን ሌሎች ያፈሳሉ። ነገር ግን የገፋፊዎቹ ጀልባዎች ትልልቆች ናቸው፤ ጥጉ ውስጥ ገቡና መሬት ነክሷቸው ቀሩ። ጥልቀት በሌለው ውሃ የምትንቀሳቀሰው የአንባቢው ጀልባ ብቻ ናት። ስለዚህ አርባውም የእሱ ሆነ፤ በየዙሩ ሁለት ጆንያ፣ ሃያ ዙር።

የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ በቢላ ቀደደ። ነጫጭ ፍሬዎቹ እንደ በረዶ ውሃው ላይ ተንጣጡ።

ጫጩቶቹ መጡ። ከጀልባዋ ሥር፣ ከታጨደው ደንገል ጉቶ መካከል፣ ከሁሉም አቅጣጫ እየተሽቀዳደሙ መጡ፤ ከላይ የሚወርድ ነገር ለነሱ ምግብ ነው። ፍሬዎቹን እየጎረሱ፣ እየተፉ፣ እንደገና እየጎረሱ ተራኮቱበት። አንማው ጆንያውን ሊመልስ ያጋደለውን ክንዱን አነሣ። ዳር ላይ ሰዉ ቆሞ ያያል፤ ይታይሽም ከሴቶቹ መካከል እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ክንዱን መልሶ አጋደለ። ጆንያው እስከ ታች ፈሰሰ።

እስከ አራተኛው ዙር ድረስ መጡ። ከአምስተኛው በኋላ አልመጡም። እሱ ግን ማየቱን አላቆመም፤ በየዙሩ ከመቅደዱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ይቀድዳል።

ሥራው አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። የማዳበሪያው አቧራ ጉሮሮው ውስጥ ገብቷል፤ ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ላይ ውሎ አንድ ጉንጭ አልጠጣም። እትዬ ደብሪቱ ዳር ላይ ጠብቀው ጀልባዋን በገመድ ያዙለትና «ነገ ዕረፍት ውሰድ፣ ልጄ» አሉት። ደግ ቃል ነበር። ራሱን ነቀነቀላቸው።

ቤት ሲደርስ ይታይሽ በር ላይ ናት። ፊቱን አየችው።

«አለቀ?»

«አርባውም።»

ከዕለት ድርሻዋ ቀድታ፣ ወረቀት ነክራ፣ ጸሎቱን ደግማ ያስቀመጠችለትን ብርጭቆ አቀበለችው። አፉ ድረስ ሙሉ ነው። በሁለት እጁ ተቀበለ። እንደ ጨዋ ሰው ፉት ለማለት አስቦ ነበር፤ ግን ውሃው ከንፈሩን ሲነካው ጉሮሮው ራሱ ሳበው፣ ሳያቋርጥ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ ድረስ። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር። በሕይወቱ እንደዚህ የጣፈጠው ነገር አልነበረም።

ብርጭቆውን ዘረጋላት።

«ድገሚኝ» አላት።